የፌዴራል በጀትን ለተማሪዎች በሥዕል እንዴት እናሳይ?

ጥያቄ፦ የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ስለ ታክስና ስለ መንግሥት ወጪ በምንማርበት ሰሞን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከማኅበራዊ ሚዲያ ያገኘችውን የፌዴራል በጀት ክብ ግራፍ በደብተሯ ላይ ገልብጣ አመጣችና «መምህር፣ ለትምህርት የተመደበው ይህቺ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። በቁጥሩ መሠረት ስህተት አላገኘሁበትም፤ ሆኖም የትምህርት ቤታችን መምህራን ደመወዝ፣ የጠመኔውና የመጻሕፍቱ ወጪ በዚያች ቁራጭ ውስጥ እንዳልሆነ ስለማውቅ «ነው» ብዬ መመለስም አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ትልቅ ሥዕል ከተማሪዎቹ ጋር ለመሥራት ወሰንኩ። በእጄ ያሉት የ2017 በጀት ዓመት ቁጥሮች ናቸው፤ ጠቅላላው 971.2 ቢሊዮን ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 451.3 ቢሊዮን ለመደበኛ ወጪ (እንደ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ላለው)፣ 283.2 ቢሊዮን ለካፒታል ወጪ (እንደ ግንባታ ላለው)፣ 222.7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጋፍ፣ 14 ቢሊዮን ደግሞ ለዘላቂ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ የተያዘ ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች በክብ ግራፍ ላስቀምጣቸው ወይስ የተሻለ መንገድ አለ? ተማሪዋ ላነሳችው ጥያቄስ ሥዕሉ ራሱ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል? በሙያው ውስጥ ያላችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ፣ ምሥራቅ ጎጃም

መምህር፣ ተማሪዎ ያነሳችው ጥያቄ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይጠይቁ የሚያልፉት ስለሆነ በቅድሚያ ለእርሷ አድናቆቴን ያድርሱልኝ። በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ከ14 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ይህ ግራ መጋባት በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ሲመለስ አያለሁ።

የችግሩ ሥር ክቡ የማን ክብ እንደሆነ አለመጻፉ ነው። ተማሪዋ ያየችው የፌዴራል መንግሥቱን መሥሪያ ቤቶች በጀት ነው። በዚያ ውስጥ «ትምህርት» ሲባል በዋናነት የትምህርት ሚኒስቴርና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማለት ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን በክልል፣ በወረዳና በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። በጤናውም ዘርፍ እንዲሁ ነው፤ የጤና ኬላዋ ሠራተኛና የጤና ጣቢያው ነርስ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከወረዳ ነው። ስለዚህ እርስዎ በአራተኛ ክፍል መምህርና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላይ የሚወጣውን ገንዘብ በፌዴራሉ ክብ ውስጥ ሲፈልጉ የሚያገኙት «ለክልሎች ድጋፍ» በሚለው፣ ስሙ ምንም በማይናገር ቁራጭ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው።

ያ 222.7 ቢሊዮን ብር እንዴት ወደ ታች እንደሚወርድ ብናገር ለሥዕሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ በጀት ቀመር ያወጣል፤ ቀመሩ የእያንዳንዱን ክልል የወጪ ፍላጎትና ራሱ ሊሰበስብ የሚችለውን ገቢ አመዛዝኖ ድርሻውን ይወስናል። ገንዘቡ ለክልሉ የሚደርሰው በጥቅሉ ነው፤ «ይህን ያህል ለትምህርት፣ ይህን ያህል ለውኃ» ተብሎ አይታሰርም። ክልሉ የራሱን ገቢ ጨምሮበት በክልሉ ምክር ቤት ያጸድቅና ለወረዳዎች በሌላ ቀመር ያከፋፍላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ተቀብለው በየዘርፉ የሚደለድሉት በራሳቸው ምክር ቤት ነው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የወረዳው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውል ነበር፤ ከደመወዙም ትልቁ የመምህራን ነበር፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ትምህርት ቤት ጠመኔ በሚያጣበት ጊዜ የምናፍረው እኛ ነበርን።

እንግዲህ እኔ ብሆን የምሥለው አንድ ክብ ሳይሆን ወንዝ ነው። ከላይ ሰፊው የፌዴራል በጀት ይነሳል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ክልሎች ይወርዳል፣ ከክልል የሚሰበሰበው ገቢ እንደ ገባር ይቀላቀለዋል፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ይደርሳል። የቅርንጫፉ ወርድ ከብሩ መጠን ጋር ተመጣጣኝ መሆን አለበት፤ ይህ ካልተጠበቀ ሥዕሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የወረዳውን ቁጥር ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይችላሉ። በለጋሾች ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በነበረባቸው ዓመታት በፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሥራ የወረዳውን በጀትና ወጪ ለማንም በሚገባ ቅጽ አዘጋጅተን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፍ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ሰሌዳው ፊት ቆመው ለቀበሌያቸው የመጣውን ብር በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ያየሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መልስ፦ የመረጃ ሥዕል አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ

የወረዳው ባለሙያ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ ስለ ሥዕሉ ዓይነት ልጨምር።

ክብ ግራፍንም ባር ግራፍንም ለዓለም ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር ነው፤ ባር ግራፉን በ1786 እ.ኤ.አ.፣ ክቡን በ1801 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቹ መካከል የእንግሊዝን መንግሥት ዕዳ የሚያሳይ መገኘቱ የመንግሥትን ሒሳብ በሥዕል የማሳየት ፍላጎት ከግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ያመለክታል። ነገር ግን የሰው ዓይን ማዕዘንን በማወዳደር ደካማ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል ባደረጉት ሙከራ ሰዎች በአንድ መነሻ መስመር ላይ የቆሙ ነገሮችን ሲያወዳድሩ ብዙም እንደማይሳሳቱ፣ ማዕዘንና ስፋት ሲያወዳድሩ ግን ስህተታቸው እንደሚጨምር አሳይተዋል። ለእርስዎ አራት ቁጥሮች ክቡ ያን ያህል አይጎዳም፤ 15 ዘርፎችን ለመከፋፈል ሲሞከር ግን ማንም የማያነባቸው ቀጫጭን ቁርጥራጮች ይፈጠራሉ፤ የተማሪዎም ጥያቄ የተነሳው ከዚያ ይመስለኛል።

ለክፍል ውስጥ የምመክረው 100 ካሬዎች ያሉት ሰሌዳ ነው፤ 10 በ10 አድርገው ያሰምሩና እያንዳንዱን ካሬ «ከ100 ብር ውስጥ 1 ብር» ይበሉት። ማንኛዋም እናት ገበያ ወጥታ 100 ብር እንዴት እንደምትከፋፈል ታውቃለች፤ ቢሊዮንን ግን ማናችንም በዓይነ ሕሊናችን ማየት አንችልም። በ2017 ቁጥሮች ሲሠራ ለመደበኛ ወጪ 47፣ ለካፒታል 29፣ ለክልሎች 23፣ ለዘላቂ የልማት ግቦች 1 ካሬ ይደርሳል። ሒሳቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥሩት። መደበኛው 46.5 በመቶ ትንሽ ስለማይሞላ ሁሉም ቁጥር በተለመደው መንገድ ሲጠጋጋ ድምሩ 99 ይመጣል፤ የቀረችውን አንዲት ካሬ ለማን መስጠት እንደሚገባ መከራከራቸው ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ ከተቆረጠው ክፍልፋይ የበለጠ ላለው፣ ማለትም ለመደበኛ ወጪ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የሁለት ዓመት በጀትን በሁለት ክቦች ጎን ለጎን ማሳየት ካስፈለገ የክቡን ስፋት እንጂ ዲያሜትሩን በቁጥሩ መጠን እንዳያሳድጉ። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ገደማ ስለሆነ ለ2017 በመጀመሪያ ከጸደቀው እጥፍ ያህል ነው። ዲያሜትሩን እጥፍ ካደረጉት የሁለተኛው ክብ ስፋት አራት እጥፍ ይሆንና ተመልካቹ ያልሆነውን ያምናል። ትክክለኛው ዲያሜትሩን 1.41 ጊዜ ማሳደግ ነው። ይህን ስህተት በታተሙ መጽሔቶችም ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እዚህ ስለ አሜሪካ በጀት የሚዘዋወሩት ሥዕሎች የወረዳው ባለሙያ «የማን ክብ ነው?» ያሉትን ጥያቄ በደንብ ስለሚያስረዱ ለተማሪዎቹ ምሳሌ ሊሆኗቸው ይችላሉ።

በ2024 እ.ኤ.አ. የበጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥቱ ጠቅላላ ወጪ 6.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ኮንግረስ በየዓመቱ ድምፅ የሚሰጥበት 1.8 ትሪሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው እንደ ጡረታና እንደ አረጋውያን ሕክምና በቋሚ ሕግ የሚከፈል ነው፤ የዕዳ ወለዱ ደግሞ ለብቻው ወደ 880 ቢሊዮን ደርሶ ነበር። ለመከላከያ የወጣው 850 ቢሊዮን ገደማ ነው። አንድ ሰው በየዓመቱ ድምፅ የሚሰጥበትን ክፍል ብቻ በክብ ከሣለው መከላከያ ግማሽ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ቁራጭ ይሆናል፤ ጠቅላላውን የሣለ ሰው ግን ያንኑ 850 ቢሊዮን ከስምንት አንድ አድርጎ ያሳየዋል። ሁለቱም ሥዕሎች ቁጥራቸው እውነት ነው። ለጦር የሚወጣው በዝቷል የሚለው ወገን የመጀመሪያውን፣ አልበዛም የሚለው ሁለተኛውን ይዞ ይወጣል፤ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሁለት ወንድሞች እያንዳንዳቸው በስልካቸው አንዱን ይዘው ሲከራከሩ ሰምቼ ሁለቱንም ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል።

ስለዚህ ከሥዕሉ በላይ የሚጻፈው ርእስ «የ2017 በጀት» ከሚል ይልቅ «የፌዴራል መንግሥት በጀት፣ ክልሎች በራሳቸው ገቢ የሚያወጡትን ሳይጨምር» ቢል ይሻላል። ርእሱ መርዘሙ ግድ የለም።

መልስ፦ ከለንደን

ስለ ክፍሎቹ ስያሜ አንድ ነገር ልጨምር። ብሪታንያ ውስጥ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግብር ከፋዩ የከፈለው ታክስ በምን በምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ ሰንጠረዥና ግራፍ ከግብር ባለሥልጣኑ ይቀርብለታል። በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ ረጅም የሆነው ባር «የድጎማ ክፍያ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶት የወጪውን ሩብ ያህል ይዞ ነበር። ያን ያየ ሰው ሩቡ ሥራ ለሌላቸው የሚሰጥ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታና ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚደረገው እንክብካቤ ጭምር በዚያው ስም ሥር ተቀላቅሎ ነበር። በጊዜው ብዙ ባለሙያዎች ተቃውመውታል። የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቀለም መቀባት ቁጥርን ከመለወጥ ያላነሰ ኃይል አለው።

ጠያቂው፦ የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ደሴ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የለንደኑ ወንድማችን ያሉትን ካነበብኩ በኋላ የእኛን በጀት አዋጅ አከፋፈል እንደገና ተመለከትኩት። መደበኛውም ካፒታሉም «አስተዳደርና ጠቅላላ አገልግሎት»፣ «ኢኮኖሚ»፣ «ማኅበራዊ» እና «ሌሎች» ተብሎ ይከፋፈላል። የመንግሥት ዕዳ ክፍያ «ሌሎች» በሚለው ሥር መቀመጡ ለተማሪ ትልቁን ነገር የሚሰውር ይመስለኛል። ለብቻው አውጥቼ ብሥለው ከሕጉ አከፋፈል መውጣት ይሆንብኛል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ የ2017ን ብቻ ባሳይ ይበቃል ወይስ ከ2018 ጋር ማወዳደር አለብኝ?

መልስ፦ የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ፣ ምሥራቅ ጎጃም

ዕዳውን ለብቻው ቢያወጡት ከሕግ የወጡ አይሆንም፤ አዋጁ ለአስተዳደር የሚመች አከፋፈል ነው፣ የእርስዎ ደግሞ ለማስተማር። «ሌሎች» የሚለውን ክፍል ሁለት ቦታ ከፍለው በአንዱ ላይ «ዕዳ ክፍያ» ብለው ይጻፉበት፤ ዕዳው የተወሰደው ተማሪዎቹ ከመወለዳቸው በፊት ሊሆን ይችላል፣ ሲከፈል ግን እነርሱ ግብር ከፋዮች ይሆናሉ፤ ስለዚህ የማየት መብት አላቸው።

እግረ መንገዴን፣ የወጪው ሥዕል ብቻውን ብሩ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የ2017 በጀት ሲጸድቅ ወደ 358 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ጉድለት ነበረበት፤ ከ100 ካሬዎች 37 ያህሉ በብድር የሚሞሉ ነበሩ ማለት ነው። እነዚያን 37 ካሬዎች በቀለም ሳይሞሉ ጠርዛቸውን ብቻ ቢያሰምሩ አንድም ቃል ሳይጨምሩ ነገሩን ያስረዳሉ። የትኞቹን ካሬዎች እንደሆነ መምረጥ ግን አይቻልም፤ ብድሩ ከሌላው ገንዘብ ጋር በአንድ ቋት ስለሚቀላቀል ካሬዎቹን በሁሉም ክፍል ላይ በተን አድርገው ያስቀምጧቸው።

ማወዳደሩን በሚመለከት ሦስት ጥንቃቄዎች አሉኝ። በጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ «የ2017 በጀት» የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው፤ ተማሪዎች መስከረም ላይ ይጀምራል ብለው እንዳያስቡ በሥዕሉ ግርጌ ይጻፉት። ቀጥሎ፣ የጸደቀው በጀት የመጨረሻው አይደለም። ኅዳር 2017 ላይ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ ሲደመር ወደ 1.55 ትሪሊዮን ያመጣዋል። ስለዚህ 2018ን ከመጀመሪያው 971 ጋር ያወዳደረ ሰው «በጀቱ እጥፍ ሆነ» ይላል፤ ከተጨማሪው ጋር ያወዳደረ ደግሞ «በሩብ ያህል ጨመረ» ይላል።

ሦስተኛው የብሩ ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። በዶላር ካሰሉት የ2017ቱ 971 ቢሊዮን በጸደቀበት ጊዜ 17 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ከ15 ቢሊዮን በታች ይወርዳል። ይህም ቢሆን ሙሉ ሥዕል አይደለም፤ የመምህር ደመወዝ የሚከፈለው በብር እንጂ በዶላር አይደለም፣ ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያና ለውጭ ዕዳ የሚወጣው ግን በዶላር ነው። እኔ ለ11ኛ ክፍል የዶላሩን ስሌት በግድግዳው ላይ ባላደርገው እመርጣለሁ፤ በቃል ማስረዳት ይበቃል።

መልስ፦ የመረጃ ሥዕል አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ

ሁለቱን ዓመታት ካወዳደሩ ለተማሪዋ ጥያቄ በጣም የሚቀርበው የክልሎች ድርሻ ነው። በ2018 ለክልሎች የተያዘው 315 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው፤ ከ222.7 ቢሊዮን በ40 በመቶ ገደማ ያደገ ነው። ከ100 ካሬዎች ሲታይ ግን ከ23 ወደ 16 ወርዷል፤ መደበኛ ወጪው ወደ 61 ካሬ ስለሰፋ ነው። የብሩን መጠን የሚያሳይ ባር ብቻ ያየ ሰው «ጨመረ» ይላል፣ ካሬውን ብቻ ያየ ሰው «ቀነሰ» ይላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ይስቀሏቸው፤ በሁለቱም ላይ ለክልሎች ተመሳሳይ ቀለም ይጠቀሙ፣ ቀለሙንም በሌላ ቦታ ለሌላ ነገር አይድገሙት። ቀይና አረንጓዴን አጎራብተው ባያስቀምጡ መልካም ነው፤ በክፍል ውስጥ ሁለቱን መለየት የማይችል ወንድ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ጠያቂው፦ የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ደሴ

በዚሁ መሠረት ሥራውን ጀምረናል። ካርቶን ገዝተን 10 በ10 አስምረናል፤ የክልሎቹን 23 ካሬዎች ሰማያዊ ቀብተን ከእነርሱ ሥር ወንዙን ወደ ታች አወረድነው። ጥያቄውን ያነሳችው ተማሪ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ሆና ወደ ከተማው አስተዳደር ገንዘብ መምሪያ ሄዳ ለትምህርት የተደለደለውን በጀት ጠይቃለች፤ ደብዳቤ ይዛ እንድትመለስ ስለተነገራት ደብዳቤውን ከርእሰ መምህሩ ጋር አዘጋጅተናል። ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ የወንዙን የመጨረሻ ቅርንጫፍ በእርሳስ ብቻ አስምረን ትተነዋል።